ካርድ ያልያዘ ድጋፍ አይቆጠርም

ርዕሰ አንቀጽ



በእጃችሁ የገባው ይህ ማኒፌስቶ ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ውሃና መብራት፣ ስለ ትራንስፖርት፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ፍትሕ ያለንን አማራጭ በየምዕራፉ ይዘረዝራል። አንብባችሁ መመዘን የእናንተ ፋንታ ነው። ነገር ግን ምዕራፎቹ ከመጀመራቸው በፊት በግልጽ ልንነጋገርበት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ጉዳዩ ተቀናቃኞቻችንን ሳይሆን እኛንና እናንተን፣ ማለትም ፓርቲንና ደጋፊን የሚመለከት ነው።

ከዊንጌት ተነስተን በብርጭቆ ፋብሪካ አድርገን እስከ ሳንሱሲ ድረስ ስንዘዋወር "አይዟችሁ፣ ከእናንተ ጋር ነን" የሚለን ሰው ብዙ ነው። መናኸሪያው በር ላይ የታክሲ ረዳቱ ሒሳብ አልቀበልም ብሎናል። ሻይ ቤት የገባን እንደሆነ ሳናውቀው ይከፈልልናል። ለዚህ ፍቅር ምስጋናችን ከልብ ነው። ይሁን እንጂ ከ"አይዟችሁ" ቀጥለን "ካርድ አውጥተዋል?" ብለን ስንጠይቅ ፊቱ የሚቀየረው፣ ሳቅ ብሎ "እሱን እንኳ አላወጣሁም" የሚለን ሰው ቁጥርም ቀላል አይደለም።

በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ የገጠመንን እንንገራችሁ። መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ አንዲት እናት ጠርተው መረቁን። "እናንተን ካልመረጥኩ ማንን ልመርጥ ነው?" አሉን። "እማማ፣ ካርዱን አውጥተዋል?" አልናቸው። እሳቸውም "ካርዱን እናንተ አይደላችሁ የምታመጡልኝ?" ሲሉ መለሱልን። የመራጮች ምዝገባ ከተዘጋ ቀናት አልፈው ነበር። በዚያች ሰዓት የምንመልሰው አጣን። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ለሚውሉ እናት፣ መራጭ ራሱ በአካል ቀርቦ መመዝገብ እንዳለበት በጊዜው ሄዶ የነገራቸው ሰው አልነበረም። በራሪ ወረቀታችን በእጃቸው ነበር፤ ወረቀቱ ስለ እኛ ብዙ ይናገራል፣ ስለ ካርዱ ግን አንዲት መስመር አልነበረውም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ማለት ይኸው ነው።

ይህን ስሕተት ላለመድገም ወስነናል። ስለዚህም ነው የማኒፌስቷችንን የመጀመሪያ ገጽ ለፖሊሲ ሳይሆን ለካርድ የሰጠነው።

ከአደባባዩ ወደ ሳጥኑ

በዕድሜ የገፋን የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ሚያዝያ 30 ቀን 1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይን የሞላውን ሕዝብ አንረሳውም። ከዚያ በፊት ባለው ቀን ገዢው ፓርቲ በዚያው አደባባይ የራሱን ሰልፍ አድርጎ ነበር። በማግሥቱ የወጣው ሕዝብ ሁለት ጣቱን አንስቶ የቅንጅትን ምልክት አሳየ። ብዙዎች የዚያን ዘመን ታሪክ ሲያወሩ ያን ሰልፍ እንደ ድሉ አድርገው ያወሩታል። በእኛ እምነት ግን ድሉ የተገኘው ከሰባት ቀን በኋላ ግንቦት 7 ቀን፣ ከንጋት በፊት በየምርጫ ጣቢያው ደጃፍ በተሰለፉት ሰዎች ነው።

ልብ በሉ፤ ሰልፉ በወጣበት ቀን የመራጮች ምዝገባ ካለቀ ቆይቶ ነበር። አደባባዩ ላይ ሁለት ጣት ያነሳው እጅ ሁሉ በኪሱ ካርድ ባይኖረው ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ ፎቶግራፍ ሆኖ ይቀር ነበር። ካርዱ ስለነበረ ግን የቴሌቪዥኑ ክርክርም የአደባባዩ ሰልፍም ወደ ድምፅ ተለወጡ። ውጤቱ ሲገለጽ ቅንጅት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአዲስ አበባን 23 መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። የአስኮ ሕዝብም የዚህ ታሪክ ባለድርሻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሸፋፍነን አናልፍም። ውጤቱ አከራካሪ ሆነ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተፈጠረው ሁከት ስለጠፋው ሕይወት ለማጣራት የተቋቋመው ኮሚሽን የ193 ሲቪሎችና የ6 ፖሊሶች ሞት መዝግቧል። የተቃዋሚው መሪዎች ታሰሩ። የተመረጠው የከተማ ምክር ቤት ሥራውን ሳይረከብ ቀረና በ1998 ዓ.ም. ከተማዋ በባለአደራ አስተዳደር ሥር ገባች። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የከተማ ምክር ቤቱ ምርጫ እንደገና ሲካሄድ ዋና ዋና ተቃዋሚዎች በአብዛኛው ከውድድሩ ውጭ ነበሩ፤ ከ138ቱ መቀመጫዎች 137ቱ የኢሕአዴግ ሆኑ። በሦስት ዓመት ውስጥ ያው 137 ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ዞረ።

ሕዝቡ በሦስት ዓመት ውስጥ ልቡን ሙሉ በሙሉ ቀየረ ብሎ የሚያምን አለ? እኛ አናምንም። የተቀየረው የሕዝቡ ልብ ሳይሆን ልቡን ወደ ሳጥን የሚወስደው መንገድ ነበር። የሚመረጥ ድርጅት ጠፋ፣ መሪዎች ተበተኑ፣ መራጩ ሐዘንና ፍርሃት ገባው፣ ካርድ ማውጣትን እንደ ከንቱ ድካም ቆጠረው። ገዢው ፓርቲ ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. የራሱን ትምህርት ወስዶ አባላቱን በብዙ እጥፍ አበዛ፤ አንድ ለአምስት በሚባለው አደረጃጀትም እስከ ጎረቤትና እስከ ሥራ ባልደረባ ወረደ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ 23 መቀመጫዎች ተቃዋሚው ያገኘው አንዷን ብቻ ነበር። በግንቦት 2007 ዓ.ም. ደግሞ በአገር አቀፍ ደረጃ 547ቱም መቀመጫዎች ኢሕአዴግና አጋሮቹ እጅ ገቡ።

ለእነዚህ ውጤቶች የሜዳው አለመስተካከል፣ እስራትና ማዋከብ የነበራቸውን ድርሻ ስንናገር ኖረናል፤ ዛሬም እንናገራለን። ነገር ግን ጉድለታችንን ሁሉ በሌላው ማላከክ ከተጠያቂነት አያድነንም። ሜዳው ተስተካክሎ ቢጠብቀን እንኳ ደጋፊያችን ካልተመዘገበ፣ ቢመዘገብም ካልወጣ የምንቆጥረው ድምፅ አይኖረንም።

የድጋፍ ሒሳብ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 እንደደነገገው በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ከተወዳዳሪዎች መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። የሚቆጠረው በሳጥን ውስጥ የገባ ድምፅ ነው። በታክሲ ውስጥ የተነገረ፣ በለቅሶ ቤት የተወራ፣ በስልክ የተላለፈ ድጋፍ በቆጠራው ወረቀት ላይ ቦታ የለውም።

እስቲ በምሳሌ እናስላው። አሥር ሰዎች "ከእናንተ ጋር ነን" አሉን እንበል። ሦስቱ ነገ ዛሬ ሲሉ ምዝገባው ይዘጋል። አንዱ ቤት ተከራይቶ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። አንዷ ካርዷን ትጥላለች። ሁለቱ በምርጫው ዕለት ረፋድ ላይ ሄደው ሰልፉን ያዩና "ያለ እኔም አይጎድልም" ብለው ይመለሳሉ። ከአሥሩ የቀሩን ሦስት ናቸው። ተቀናቃኛችን ያሉት ደጋፊዎች አምስት ብቻ ቢሆኑና ከእነሱ አራቱ ወጥተው ቢመርጡ እኛ በደጋፊ እጥፍ በልጠን በድምፅ ተሸነፍን ማለት ነው። ማታ ላይ "ሕዝቡ ከእኛ ጋር ነበር እኮ" ብንል ሐሰት አይሆንም፤ የሚፈይደው ነገር ግን የለም።

"የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?" ለሚለው ከአህጉራችን አንድ ታሪክ እንጥቀስ። በጋና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 በተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ የመጀመሪያ ዙር የገዢው ፓርቲ ዕጩ ናና አኩፎ አዶ ቀዳሚ ሆነው ነበር፤ ከግማሽ በላይ ለማግኘት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ድምፅ ጎደላቸው። በሁለተኛው ዙር ከዘጠኝ ሚሊዮን ገደማ ድምፅ ውስጥ በ40 ሺህ አካባቢ ብልጫ ብቻ የተቃዋሚው ዕጩ ጆን አታ ሚልስ አሸነፉ። በዋናው ቀን ድምፅ ሳይሰጥባት የቀረች ታይን የምትባል አንዲት የምርጫ ክልል ጥር 2 ቀን 2009 እስክትመርጥ ድረስ አገሩ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማንነት የተወሰነው በፍሎሪዳ ግዛት በ537 ድምፅ ልዩነት ነው። አምስት መቶ ሠላሳ ሰባት ሰው ማለት በአስኮ የአንድ ትልቅ እድር አባላት ከነቤተሰቦቻቸው ማለት ነው።

ድምፅማጉያ እና ደጃፍ

ደጋፊን ወደ ጣቢያ የሚያደርሰው ምንድን ነው? እኛ የፖለቲካ ሰዎች ድምፅማጉያ እንወዳለን። መኪና ላይ ሰቅለን፣ ሙዚቃ ከፍተን፣ ባንዲራ አውለብልበን ስናልፍ ሥራ የሠራን ይመስለናል። ድምፅማጉያው ስማችንን ያሳውቃል፤ ሰውን ከቤቱ አስነስቶ ሰልፍ ላይ ለማቆም ግን አቅሙ ትንሽ ነው።

ይህን በጥናት የፈተኑ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 አላን ገርበርና ዶናልድ ግሪን የተባሉ ምሁራን በአሜሪካዋ ኒው ሄቭን ከተማ 30 ሺህ የሚጠጉ መራጮችን በዕጣ ከፋፍለው ከፊሉን ቤታቸው ሄደው አነጋገሩ፣ ለከፊሉ ደብዳቤ ላኩ፣ ለከፊሉ በተቀጠሩ ሰዎች ስልክ አስደወሉ። ከምርጫው በኋላ መዝገቡ ሲታይ ፊት ለፊት የተነገረው ሰው በግልጽ በሚታይ ብልጫ ወጥቶ መርጧል። የደብዳቤው ውጤት ጥቂት ነበር፤ ስልኩ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ከአሥር ዓመት በኋላ በዚያው አገር በፔንሲልቬንያ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ "ትመርጣለህ ወይ?" ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ "በስንት ሰዓት ትሄዳለህ? ከየት ተነስተህ? ከዚያ በፊት ምን ስትሠራ ትቆያለህ?" ብሎ ማነጋገር የበለጠ ሰው እንደሚያስወጣ አሳይቷል።

ለአበሻ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ለሠርግ የሚጠራ ሰው ካርድ በልጅ ይላክለታል፤ ቤቱ ድረስ ሄደው ሲጠሩት ግን መቅረት ያፍራል። ስለዚህ የቅስቀሳችን ዋና መሣሪያ ከእንግዲህ የጎረቤት ደጃፍ ይሆናል።

ሦስቱ በሮች

አንድ ደጋፊ መራጭ እስኪሆን ድረስ ሦስት በሮች ያልፋል። በእያንዳንዱ በር ላይ ሰው እንደሚቀርብን ካለፈው ልምዳችን ተምረናል።

የመጀመሪያው በር ምዝገባ ነው። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ካርድ ሊያወጣ የመጣው ሰው መጀመሪያ ላይ አነስተኛ ስለነበረ ምርጫ ቦርድ የምዝገባውን ጊዜ ለማራዘም ተገዷል። በሚመጣው ምርጫ ይራዘማል ብሎ መተማመን አይገባም። በ1997 ዓ.ም. ያወጡት ካርድም ሆነ በ2013 ዓ.ም. ያወጡት ካርድ ለዚህ ምርጫ አያገለግልም። የ2013 ዓ.ም. ምርጫ የተካሄደበት አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መራጭ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ፣ በምርጫ ክልሉም ቢያንስ ለስድስት ወር የኖረ ኢትዮጵያዊ እንዲሆን ይጠይቃል። ቦርዱ ለዚህ ምርጫ ያወጣውን ዝርዝር መመሪያ ወደ ጣቢያችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ። መታወቂያው ጊዜው ያለፈበት ሰው ዛሬውኑ ያሳድስ፤ ሰነድ ፍለጋ የሚባክን ሳምንት የምዝገባ ሳምንት ነው።

በአስኮ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከእኛ መካከል አስኮ ሱቅ ኖሮት ቡራዩ የሚያድር፣ ቡራዩ ሠርቶ አስኮ የሚያድር ብዙ ሰው አለ። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተካተተው የቡራዩ ነዋሪ የሚመርጠው በኦሮሚያ ክልል ባለው ጣቢያ ነው እንጂ ለአዲስ አበባ ምክር ቤት አይደለም። ሰው የሚመዘገበው በሚኖርበት እንጂ በሚሠራበት አይደለም። በተጨማሪም የምርጫ ክልልና የአስተዳደር ወረዳ አንድ አይደሉም፤ በመዲናዋ ያሉት የምርጫ ክልሎች 23 ናቸው፣ ክፍለ ከተሞቹ ግን 11። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ አንድ ጣቢያ መመዝገብ የሚችለው ቢበዛ 1,500 መራጭ ስለነበረ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ጎረቤታሞች በተለያየ ጣቢያ ሊደርሳቸው ይችላል። "ጎረቤቴ የተመዘገበበት ይበቃኛል" አይባልም፤ የራስን ጣቢያ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው በር ካርድን መጠበቅ ነው። በምዝገባና በድምፅ መስጫ ቀን መካከል ሳምንታት ያልፋሉ። ካርዱ ከቤት ካርታና ከልጆች የልደት ወረቀት ጋር ይቀመጥ። ካርዳችሁን "ለጊዜው እንያዝልህ" ለሚል ለማንም አትስጡ፤ ለእኛም ቢሆን። የመራጭ ካርድ የግል ነው፤ ሰብሳቢ የለውም፣ ተወካይ የለውም። ካርዱ የጠፋበት ሰው የመጨረሻዋን ቀን ሳይጠብቅ ወደ ተመዘገበበት ጣቢያ ሄዶ ያመልክት።

ሦስተኛው በር ሰልፉ ነው። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ዕለት በብዙ ጣቢያዎች ሰልፉ ከመርዘሙ የተነሳ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊዘጋ የነበረው ድምፅ አሰጣጥ እስከ 3 ሰዓት ተራዝሟል። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ፣ ዳቦ ቤት የሚያድር፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ሕፃን ያዘለች፣ ሁሉም ሰዓቱን ከወዲሁ ያስብበት። ጠዋት 12 ሰዓት የሄደ ሰው ለቁርስ ቤቱ ይመለሳል። ውሃ ይዛችሁ፣ ጃንጥላ ይዛችሁ ሂዱ። በአዲስ አበባ ሁለት ድምፅ መስጫ ወረቀት እንደሚሰጥ፣ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለከተማው ምክር ቤት መሆኑን ለቤተሰባችሁ አስረዱ። አንዱን ሞልቶ ሌላውን ባዶውን የሚመልስ ሰው ግማሽ ድምፁን ጥሎ እንደወጣ ይቆጠራል።

ፍርሃትና ተስፋ መቁረጥ

ወደ ቤታችሁ ስንመጣ ሁለት ነገር እንደምትነግሩን እናውቃለን። አንዱ "ይታወቅብኛል" የሚል ስጋት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ድምፅ በምሥጢር እንዲሰጥ ይደነግጋል። ከመጋረጃው ጀርባ ከእናንተ በቀር ማንም የለም። ማንን እንደመረጣችሁ ለሚጠይቃችሁ አለቃ፣ ጎረቤት ወይም የእኛ አባል መልስ የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። ካርድ ማውጣት በራሱ የማንም ደጋፊ አያሰኝም፤ የገዢው ፓርቲ መራጭም ያወጣዋል፣ የእኛም ያወጣዋል።

ሁለተኛው "በ1997 ዓ.ም. መረጥን፤ ምን አገኘን?" የሚል ቁስል ነው። ይህን ጥያቄ ለሚያነሳ ሰው ንግግር አናደርግበትም። ልጁን የቀበረ፣ ወንድሙን ማረሚያ ቤት የጠየቀ ሰው ጥያቄውን የመጠየቅ መብት አለው። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ምርጫዎች ከቤት መቅረትን ሞከርነው። መቅረታችን ማንንም አላስደነገጠም፤ የቆጠራው ወረቀት ላይ "ተከፍቶ ቀረ" የሚል ረድፍ የለም። ያልመጣ መራጭና የሌለ መራጭ አንድ ናቸው። የመረጠ ሰው ግን ድምፁ ቢነካ እንኳ የሚጠይቀው ነገር አለው፤ ማስረጃ ይዞ አቤት ይላል፣ ክስ ይመሠርታል፣ ለታሪክም ይመዘግባል።

ስለዚህም ነው በእያንዳንዱ ጣቢያ ወኪል ለማቆም የምንደክመው። ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ውስጥ ይደረጋል፣ ውጤቱም በጣቢያው ይለጠፋል። የተለጠፈውን አንብቦ ቁጥሩን የሚይዝ ወኪል ከሌለ የእናንተ የሰልፍ ድካም ጠባቂ አጣ ማለት ነው።

የእኛ ግዴታ

ከእናንተ የምንጠይቀውን ያህል በራሳችን ላይ የጣልነውን ግዴታ በጽሑፍ እናስቀምጣለን፤ በኋላ ትጠይቁን ዘንድ።

አንደኛ፣ በአስኮ ያለ እያንዳንዱ አባላችን በሚኖርበት ሰፈር የአሥር ቤቶችን ኃላፊነት ይወስዳል። ምዝገባው ሲጀመር አንድ ጊዜ፣ ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ሁለተኛ ጊዜ፣ ቅስቀሳ ከመቆሙ በፊት ሦስተኛ ጊዜ ይሄዳል። በሦስተኛው ጊዜ የሚጠይቀው "በስንት ሰዓት ይሄዳሉ? አብሮዎት የሚሄድ ሰው አለ?" የሚለውን ነው። ከማያውቀው ሰፈር መኪና ተጭኖ የሚመጣ ቀስቃሽ አንልክም፤ በልቅሶና በሠርግ የምታውቁት ሰው ይመጣል።

ሁለተኛ፣ የአባሎቻችን ደብተር "ካርድ አለ፣ ካርድ የለም" ከሚል በቀር ሌላ አይጽፍም። ማን ማንን እንደሚደግፍ በስም መመዝገብን ከልክለናል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲገባ በሰው ላይ የሚያመጣውን መከራ በዚህች ከተማ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ለአምስት ያስመረረን በመጠርነፉ ነው፤ እኛ ጠርናፊ ልንሆን አልተደራጀንም። በሩን "አልፈልግም" ብሎ የዘጋ ሰው ከሁለተኛው ጉብኝት ነፃ ነው፤ ሰላምታችን ግን አይቀርበትም።

ሦስተኛ፣ እድሩን፣ እቁቡንና ማኅበሩን ለእናንተ እንተዋለን። እድር የሁሉም ነው፤ ድንኳኑ የገዢውንም የተቃዋሚውንም ሐዘን ያስተናግዳል። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ቅስቀሳ ማድረግን ሕጉም ይከለክላል፣ እኛም አናደርገውም። የእድሩ ሰብሳቢ ግን "ካርድ ያላወጣችሁ አውጡ" ብሎ ለሁሉም አባል ቢናገር የዜግነት ግዴታውን ፈጸመ እንላለን።

አራተኛ፣ ከድምፅ መስጫው በፊት ባሉት የመጨረሻ ቀናት ቅስቀሳ ክልክል ነው። በእነዚያ ቀናት ስለ ዕጩዎቻችን አንናገርም፣ ምልክታችንንም አናሳይም። ከዚያ በፊት ያላስታወስነው ሰው ካለ ጥፋቱ የእኛ ነው።

እናንተስ?

ከእናንተ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ምዝገባው በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ካርዳችሁን አውጡ። ከቤታችሁ 18 ዓመት የሞላውን ልጅ፣ አቅም ያነሳቸውን አያት፣ አብራችሁ የምትኖረውን የቤት ሠራተኛ አስታውሱ፤ እሷም ዜጋ ናት፣ ወጥታ የምትመዘገብበትና የምትመርጥበት ሰዓት ስጧት። በምርጫው ዕለት ደግሞ ብቻችሁን አትሂዱ፤ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩና አብራችሁ ሂዱ። ጎረቤታችሁ ሌላውን ቢመርጥም አብራችሁት ሂዱ። ሕዝብ ወጥቶ ሲመርጥ የምትጠቀመው አገር ናት።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ይህን ሥራ በዋናው መሥሪያ ቤት ያሉ ጥቂት ሰዎች ብቻ ይወጡት ቢባል ይከብዳቸዋል። ለአስኮ ሰው ሁሉ ሲከፋፈል ግን የአሥር በሮች ማንኳኳት ነው፤ የሁለት ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ።

ከዚህ ገጽ በኋላ ያሉትን ምዕራፎች አንብቡ፣ ተከራከሩባቸው፣ ያልተስማማችሁበትን ንገሩን። ነገር ግን ማንበቡን ከመቀጠላችሁ በፊት ካርዳችሁ የት እንዳለ እዩ። ከሌለ ማኒፌስቶውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ምዝገባው የሚጀመርበትን ቀን ጠይቁ። ማኒፌስቶው ይጠብቃል፤ የምዝገባው ቀን ግን አይጠብቅም።

እነዚያ ሽንኩርት የሚሸጡት እናት ዛሬም ከመንገዱ ዳር አሉ። በዚህ ጊዜ ከበራሪ ወረቀቱ በፊት ወደ እሳቸው የሚሄደው አባላችን ተመድቧል። ምዝገባው በተከፈተ ማለዳ መደባቸውን የምትጠብቅላቸው ልጅም ተገኝታለች።

ካርዳችን በእጃችን፣ ድምፃችን በሳጥናችን!

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ጽሕፈት ቤት